አባት መትረየስ፣ ልጅ ማርሚታ

ማርሚታው የተቀደደ ሚኒባስ በሰፈራችን ሲያልፍ ጆሮአችንን የማንይዝ የለንም። ማርሚታ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጋራዥ መግባት አያስፈልግም፤ ጥቅሙ ሲጠፋ ይታወቃል። በፊልም ያየነውና «ሳይለንሰር» የምንለው የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛም የዚሁ የማርሚታ የሥጋ ዘመድ ነው ብንላችሁስ? ነገሩ እውነት ነው። ታሪኩም የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ታሪክ ነው።

አባትየው ሃይራም ስቲቨንስ ማክሲም ይባላል። ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ኑሮውን ግን እንግሊዝ አገር አደረገ። እዚያም በ1884 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ራሱ እየጎረሰ ራሱ የሚተኩስ መትረየስ ሠራ። አውሮፓውያን አፍሪካን ሲቀራመቱ ማክሲም የሚለው ስም የገነነው በዚሁ መሣሪያ ነው። መትረየሱ ለፈጣሪው ሀብትና «ሰር» የሚል ማዕረግ አመጣለት፤ ጆሮውን ደግሞ ወሰደበት። ዓመታትን በተኩስ ሙከራ አጠገብ ያሳለፈው ሰው በስተርጅናው መስማት ተሳነው።

ልጅየው ሃይራም ፐርሲ ማክሲም አሜሪካ አደገ። ሙያው የአውቶሞቢል መሐንዲስነት ነው። ጎረቤት ሳይረብሽ ዒላማ መተኮስ ያምረው ነበርና በዚሁ ሰበብ የሠራው የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ መጋቢት 30 ቀን 1909 የባለቤትነት መብት አገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጩኸት የሚፈጥረው ጥይቱን ተከትሎ ከአፈሙዙ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳው ትኩስ ጋዝ ነው። ጋዙ በግርዶሽ በተከፋፈለ ቱቦ ውስጥ እንዲዘዋወር፣ እንዲዘገይና እንዲበርድ ከተደረገ ጩኸቱ ይለዝባል። ማርሚታም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የማክሲም ኩባንያ ራሱ ኋላ ላይ የሞተር ድምፅ ማፈኛ ወደ መሥራት ዞሯል።

ዕቃው በዚያን ጊዜ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ተራ ሸቀጥ ነበር። በፖስታ ይታዘዛል፣ ከመደብር ይገዛል። ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ በዊንቸስተር ጠመንጃቸው ላይ አንዱን አስገጥመው ነበር።

ዛሬ አንድ አዳኝ ማፈኛ ሲመርጥ ሦስት ነገር ያወዳድራል፦ ምን ያህል ያፍናል? ስንት ዘመን ያገለግላል? ሲበላሽስ ማን ይደርስልኛል? እኛ እንደምናየው የሦስቱንም መልስ የወሰነው መሐንዲስ ብቻ አይደለም። ሕግም አለበት።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ፊልም ዋሽቶናል። የአደን ጠመንጃ ተኩስ ከ160 ዴሲቤል ያልፋል፤ 140 የደረሰ የተኩስ ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዴሲቤል አቆጣጠር 30 መቀነስ ማለት የድምፁን ኃይል ወደ ሺህኛው ማውረድ ነው። እንዲያም ሆኖ ዝምታ የለም። ጥይቱ ራሱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት የትኛውም ማፈኛ አያስቀረውም። ስለዚህ ዕቃው ጆሮን ያግዛል እንጂ ተኩስን አይደብቅም።

የአሜሪካ ሕግ ግን ያየው መደበቂያነቱን ነው። በ1934 የማፊያዎችን መትረየስ ለመቆጣጠር በወጣው ሕግ ማፈኛም ብዙም ክርክር ሳይደረግበት አብሮ ገባ። በእያንዳንዱ ማፈኛ ላይ 200 ዶላር ታክስ ተጣለ፤ በዛሬው ገንዘብ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ጥቂት ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ ይህን ማን ይከፍላል? ገበያው ለአሥርተ ዓመታት ሞተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማፈኛ የሰላዮች መሣሪያ ሆነ። በ1960 ሶቪየት ኅብረት ላይ ተመትቶ የወደቀው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን አብራሪ ጋሪ ፓወርስም ማፈኛ ያለው ሽጉጥ ይዞ ተገኘ። ስሙ እንዲህ ከጠፋ በኋላ ማን ያድሰዋል?

አሁን ወደ ጥንካሬው እንምጣ። አሜሪካዊው ገዢ ለአሥርተ ዓመታት ታክስ ከፍሎ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ወራት ጠብቆ ያገኘው የነበረው ዕቃ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግለው ይፈልግ ነበር። ስለዚህ አምራቾች ወፍራም የማይዝግ ብረት፣ ታይታኒየምና ሙቀት የሚችል ኢንኮኔል ይጠቀማሉ፤ በተለይ የባሩዱን እሳት መጀመሪያ የሚቀበለው ግርዶሽ ላይ። በፊንላንድና በኖርዌይ ግን ማፈኛ የጨዋ አዳኝ ዕቃ ነው። የጠመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ቦት ጫማው ከሱቅ ይገዛዋል። ስለዚህ ቀለል ያለና ዋጋው የሚቀመስ ይመርጣል። ከተኩስ በኋላ ፈትቶ ካላደረቀው ተራው ብረት ከውስጥ ይዝጋል፤ ካረጀም ሌላ ይገዛል።

የደንበኛ አገልግሎቱም ከዚሁ ይመነጫል። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት አካል ነው፤ እሱን በአዲስ መተካት እንደገና ምዝገባ ያስነሳል። ስለዚህ ደንበኛው በአምራቹ ቃል ላይ ይንጠለጠላል፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚባለውም ዋና የሽያጭ መሣሪያ ሆነ። ሰሜን አውሮፓዊው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ሱቁ ይመለሳል።

በ2025 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የማፈኛውን ታክስ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ አውርዶታል። ምዝገባው ግን አልቀረም። ከ90 ዓመት በላይ የተሠራ ጥርጣሬ በአንድ ፊርማ አይነሳም። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ብለንም አንከራከርም፤ መሣሪያ መሣሪያ ነው፣ ቁጥጥር ያሻዋል። የሚገርመን ሌላ ነው። ማርሚታ የሌለውን መኪና የሚቀጣ አገር፣ ማርሚታ ያለውን ጠመንጃ ሲቀጣ ኖረ።

ፐርሲ ማክሲም ስለ አባቱ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ራሱ በሞተበት ዓመት፣ በ1936 ነው። ያኔ ሕጉ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቱ በ1916 ሲሞቱ የልጃቸው ማፈኛ ከገበያ ላይ ነበር። ለእርሳቸው ጆሮ ግን ዘግይቶ ነበር።