የስዊስ ሥርዓት በልውውጥ ካርታ ጨዋታ ውድድሮች

የስዊስ ሥርዓት ተሸናፊን ሳያሰናብት፣ ተወዳዳሪዎችን በየዙሩ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካላቸው ጋር እያጋጠመ ደረጃ የሚያወጣ የውድድር ስልት ነው። ከቼዝ የተወረሰ ሲሆን፣ ዛሬ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን፣ ፖኬሞንንና ዩ-ጊ-ኦን በመሳሰሉ የልውውጥ ካርታ ጨዋታዎች ዘንድ ዋነኛው የውድድር አካሄድ ሆኗል። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች ገዝቶና ተለዋውጦ ካሰባሰባቸው ካርታዎች ራሱ መርጦ ባዘጋጀው ጥቅል ይገጥማል። ጥቅሉ በማጂክ ቢያንስ 60፣ በፖኬሞን ልክ 60፣ በዩ-ጊ-ኦ ከ40 እስከ 60 ካርታ ይይዛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥርዓቱ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት 64 ተጫዋቾችን መውሰድ ይበቃል። ሁሉም ከሁሉም ይጋጠሙ ቢባል 63 ዙርና 2,016 ግጥሚያ ይጠይቃል። ጥሎ ማለፍ በ6 ዙር ይጨርሰዋል፤ ግማሹ ሰው ግን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስዊስ በዚያው 6 ዙር አንድ ያልተሸነፈ ተጫዋች ያወጣል፤ የቀሩትም እስከ መጨረሻው ይጫወታሉ።

አመጣጥ

አብዛኞቹ ጽሑፎች ሥርዓቱ መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በ1895 ዙሪክ ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር ነው ይላሉ፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው የብሩግ ከተማው ዩሊየስ ሙለር እንደሆነ ይነገራል። በአሜሪካ ግን ከሥርዓቱ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ሰሌዳውን ሳያይ በመጫወት ዝናን ያተረፈው የቤልጅግ ተወላጅ ጆርጅ ኮልታኖቭስኪ። ኮልታኖቭስኪ በ1940ዎቹ ስዊስን በአሜሪካ የቼዝ ውድድሮች በማስለመድ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ይሁንና አስፋፊ እንጂ ፈጣሪ አልነበረም። ኢትዮጵያም ቡድን የምትልክበት የቼዝ ኦሊምፒያድ ወደዚህ ሥርዓት የዞረው በ1976 ሃይፋ ላይ ነው።

የካርታው ዓለም ስዊስን ወዲያው አልያዘውም። ማጂክን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ ጨዋታው በ1993 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በተባለው ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ሚልዋኪ ከተማ በጄን ኮን ጉባኤ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ግን 512 ሰው የተሳተፈበት ተራ ጥሎ ማለፍ ነበር፤ አሸናፊውም ዛክ ዶላን። 256 ሰው አንዴ ተሸንፎ ተሰናበተ ማለት ነው። በካርታ ጨዋታ ይህ ከቼዝ ይልቅ ይከብዳል። ቼዝ ላይ የተሸነፈ ሰው ጥፋቱ ከራሱ ነው፤ ካርታ ላይ ግን ጎበዙም ተጫዋች ተበውዞ የሚፈልገው ካርታ ካልወጣለት እጁን አጣጥፎ ይሸነፋል። ብዙ ዙር መጫወት የዕድልን ጉልበት ይቀንሳል፤ ስዊስ በካርታ ተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደውም በዋናነት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሠራር

የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይደለደላል። ከዚያ በኋላ እኩል ነጥብ ያላቸው እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ አንድ ሰው ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሁለት ጊዜ አይገናኝም። ነጥቡ እንደ እግር ኳስ ሊግ ነው፤ ለድል 3፣ ለአቻ 1፣ ለሽንፈት 0። የተጫዋቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ከታች ካሉት አንዱ ያለ ተጋጣሚ ያልፋል፤ ማጂክም 2 ለ 0 እንዳሸነፈ ይቆጥርለታል። ቼዝ በአንድ ነጥብ ላይ ያሉትን በችሎታ ደረጃቸው ከፍሎ ሲያጋጥም፣ ካርታው እንደገና ዕጣ ይጥልባቸዋል። ዙሮቹ ሲያልቁ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 8 ተጫዋቾች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ።

አንድ ግጥሚያ በተለምዶ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደው ነው። በማጂክና በዩ-ጊ-ኦ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ እስከ 15 ከሚደርሱ ተጠባባቂ ካርታዎቹ እየመረጠ ጥቅሉን ለተጋጣሚው እንዲመች አድርጎ መለወጥ ይችላል። ፖኬሞን ይህ የለውም።

የዙሮች ብዛት

የማጂክ የውድድር ደንብ ለ33–64 ሰው 6 ዙር፣ ለ65–128 ሰው 7፣ ለ129–226 ሰው 8፣ ለ227–409 ሰው 9፣ ከዚያ በላይ ላለው 10 ዙር ይመክራል። እስከ 128 ድረስ ቁጥሩ በእጥፍ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ግን 256 መምጣት ሲገባው 226 ይመጣል።

ምክንያቱ ከ8ቱ የጥሎ ማለፍ ቦታዎች ጋር የተያያዘ ይመስላል። አቻ የሌለበት ውድድር ይታሰብ። 128 ሰው 7 ዙር ሲጫወት ሁሉንም ያሸነፈ 1፣ አንዴ ብቻ የተሸነፉ 7 ይሆናሉ። ድምሩ ልክ 8 ነው፤ አንዴ የተሸነፈ ሁሉ ያልፋል፣ ሁለቴ የተሸነፈ ሁሉ ይቀራል፣ የሚከራከር የለም። 256 ሰው 8 ዙር ቢጫወት ግን ያልተሸነፈው 1፣ አንዴ የተሸነፉት 8፣ በጠቅላላው 9 ሰው ይሆናል። ከስምንት ግጥሚያ ሰባቱን ያሸነፈ አንድ ተጫዋች ቦታ ያጣል። ይህ የማይደርስበትን ወሰን ለማግኘት 8ን በ256 አባዝቶ ለ9 ማካፈል ነው፤ 227.6 ገደማ ይመጣል። ለ9 ዙር ደግሞ 8 በ512 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 409.6 ይሰጣል፤ የደንቡ 409 ከዚህ ጋር ይገጥማል። በመጀመሪያው ስሌት ለምን 227 ሳይሆን 226 ተጻፈ ለሚለው ጥንድ ቁጥር ፈልገው ነው ማለት ይቻል ነበር፤ 409 ራሱ ጎዶሎ ባይሆን።

በዚሁ ስሌት 10 ዙር የሚበቃው እስከ 744 ሰው ብቻ ነው። ደንቡ ከ409 በላይ ላለው ሁሉ 10 ላይ ሲያቆም ሒሳቡ ለሰዓት እጁን ሰጥቷል ማለት ነው።

የሰዓት ችግር

በማጂክ አንድ ዙር 50 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የተጀመረው ተራ ይጠናቀቅና 5 ተጨማሪ ተራዎች ይፈቀዳሉ፤ አሸናፊ ካልተለየ ግጥሚያው በአቻ ሊያልቅ ይችላል። በፖኬሞን ተጨማሪው ተራ 3 ነው። ዩ-ጊ-ኦ በበኩሉ የሁለቱን የሕይወት ነጥብ (ሲያልቅ ተጫዋቹ የሚሸነፍበትን) አወዳድሮ ብልጫ ላለው ድሉን ይሰጣል። ማጂክ ላይ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ የዘገየ ሰው ግጥሚያውን ይሸነፋል።

ዘጠኝ ዙር በ50 ደቂቃ ሲሰላ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በየዙሩ መካከል 15 ደቂቃ ብቻ ቢባክን እንኳ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ምሳ ሳይቆጠር። የባከነው ደቂቃ የት እንደሄደ ለማየት የአንድ ዙር ማብቂያ ላይ መቆም ነው። በ226 ሰው ውድድር 113 ጠረጴዛ ይኖራል። 112ቱ ጨርሰው፣ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈረሙበትን የውጤት ወረቀት አስረክበው፣ ቀጣዩ ድልድል የሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር ተኮልኩለዋል። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ዳኛው ቆሞ «ሦስተኛ ተራ» እያለ ይቆጥራል። ያ ጠረጴዛ ቀደም ሲል ጥቅሉ ተፈትሾበት ከሆነ ፍተሻው የፈጀው ጊዜና 3 ደቂቃ ተጨምሮለታል። የእሱ ውጤት ካልገባ ድልድል አይወጣም፤ ስለዚህ የዙሩን ርዝመት የሚወስነው ከሁሉ የዘገየው ጠረጴዛ ነው።

የቼዝ ሰዓት ለምን አይቀመጥም የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ማጂክ ላይ በአንድ ሰው ተራ መካከል ሌላው ምላሽ ለመስጠት ዕድሉ ደጋግሞ ስለሚደርሰው፣ ሁለቱም ሰዓቱን ሲመቱ መዋላቸው ነው።

ሰዓት ካርታ እስከ ማሳገድ ደርሷል። «ሴኮንድ ሰንራይዝ» የተባለው ካርታ በ2013 ሞደርን ከሚባለው የውድድር ዓይነት የታገደው፣ የተሠራበት ጥቅል አንዱ ተጫዋች ብቻውን ረጅም ተራ እየወሰደ ዙሩን ስለሚያጓትት ነው። በ2017 ሌጋሲ ከሚባለው የውድድር ዓይነት «ሴንሴይስ ዲቫይኒንግ ቶፕ» ሲታገድም የሰዓት ብክነት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን በ1993 የወጣው «ሸህራዛድ» ነው። ስሙ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተራኪዋ የተወሰደ ሲሆን፣ ካርታው ሲወርድ ሁለቱ ተጫዋቾች የያዙትን ጨዋታ አቁመው በቀሪ ካርታዎቻቸው ሌላ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ በዚያ የተሸነፈው ወደ ዋናው ሲመለስ የሕይወት ነጥቡን ግማሽ ያጣል። በ2007 ከውድድር ታገደ።

በስምምነት አቻ መውጣት

በ128 ሰው ውድድር ከ6 ዙር በኋላ ያልተሸነፉ 2፣ አንዴ የተሸነፉ 12 ተጫዋቾች ይቀራሉ። ሁለቱ ቢጫወቱም ባይጫወቱም ከ8ቱ ውስጥ መግባታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አቻ ተስማምተው ምሳቸውን ይበላሉ። ማጂክና ፖኬሞን ይህን ይፈቅዳሉ፤ ኮናሚ በሚያስተዳድረው ዩ-ጊ-ኦ ግን ክልክል ነው። በሚፈቀድበትም ቢሆን ለስምምነቱ ገንዘብ ወይም ሽልማት መደራደር ከውድድር ያስባርራል።

እኩል ነጥብ ሲኖር

መጀመሪያ የሚታየው የተጋጣሚዎች የድል መቶኛ ነው፤ ጠንካሮችን የገጠመ ይቀድማል። በ7 ዙር 18 ነጥብ ያገኘ ተጋጣሚ ከ21ዱ 85.7 በመቶ ይዟል። ሁለቴ ተሸንፎ አቋርጦ የሄደ ተጋጣሚ በማጂክ በ0 ሳይሆን በ33 በመቶ ይታሰባል።

ትልልቅ ውድድሮች

በ2012 ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደ የዩ-ጊ-ኦ ውድድር 4,364 ተጫዋቾች ተሳትፈዋል። በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ ለተካሄደው የማጂክ ግራንድ ፕሪ ከ7,500 በላይ ሰው በመምጣቱ ዋናው ውድድር ለሁለት ተከፍሎ ሁለት አሸናፊዎች ወጥተዋል። የዚህ ዓይነት ውድድር በአንድ ቀን ስለማያልቅ፣ በመጀመሪያው ቀን በቂ ነጥብ ያገኙት ብቻ ለሁለተኛው ቀን ይቀርባሉ።

በኢንተርኔት

ማጂክ ኦንላይን በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሰዓቱን ፕሮግራሙ ራሱ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው ያዛውራል። በአብዛኞቹ ውድድሮች ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለሙሉ ግጥሚያ 25 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ደቂቃው ያለቀበት ይሸነፋል።