የአክሱም የወርቅ ሳንቲም

በአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የታተመ ገንዘብ። የመጀመሪያው አሳታሚ ንጉሥ እንዱቢስ ነው። የእርሱ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ይህም የዘመኑ የሮማ ወርቅ ግማሽ ያህል ነበር። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ 4.5 ግራም የሚመዝነውን ሶሊዱስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም ካወጣ በኋላ የአክሱሙም በንጉሥ ኢዛና ዘመን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ።

ሚዛኑ ከሮማ ጋር ቢሄድም ሥዕሉ የራሱ ነው፤ ትልቁ ክብሩም እዚህ ላይ ነው። የሮማ ሶሊዱስ በአንድ ገጹ ንጉሠ ነገሥቱን፣ በሌላው ብዙውን ጊዜ ክንፍ ያላትን የድል አምሳል ያሳያል። በአክሱም ወርቅ ግን ንጉሡ በሁለቱም ገጽ ይታያል፤ ከጊዜ በኋላ በአንዱ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ። ግራና ቀኙን የእህል ዛላ አቅፎታል። የገበሬው አዝመራ ከንጉሡ ፊት እኩል በወርቅ መታተሙ ሊደነቅ ይገባዋል።

በራስጌው የነበሩትን ጨረቃና ክብ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በመስቀል ተካቸው። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ቀድመው ካተሙት የዓለም መንግሥታት አንዱ አክሱም ነው።

ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ስለሚውል ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፤ ወርቅ በግዕዝ ያሳተመው ንጉሥ ዋዜባ ብቻ ነው። በየመን አል መዳሪባ በተገኘው ክምችት 868 የአክሱም ወርቆች ከ326 የሮማ ሶሊዱሶች ጋር ተቀብረው ነበር። ከንጉሥ ካሌብ በኋላ የወርቁ ጥራት እየወረደ ሄደ።