የተረሳው የሃርለም ልብ ወለድና የሰነድ ምርምር ክብር

የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጻፍ ጎልቶ የሚወጣው ተንታኙ ነው። ረቂቁን ፈልጎ ያገኘው፣ የማን መሆኑን ያረጋገጠውና ለኅትመት ያበቃው ምሁር ግን ብዙ ጊዜ በመቅድም ምስጋና ይታለፋል። በጥቁር ዲያስፖራ ጽሑፍ ጥናት ይህ ሚዛን ሊስተካከል ይገባል፤ የብዙ ደራስያን ሥራ ሳይታተም በየሰው ወረቀት መካከል ተቀብሯልና።

የጃማይካው ተወላጅ የደራሲው የክላውድ ማኬይ (1889–1948) ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዣን ክሪስቶፍ ክሉቲዬ የአሳታሚውን የሳሙኤል ሮትን ወረቀቶች ሲያደራጅ፣ የማኬይ ስም የሰፈረበት ሦስት መቶ ገጽ ገደማ የሚሆን በታይፕ የተመታ ረቂቅ አገኘ። ርእሱ «ኤምያብል ዊዝ ቢግ ቲዝ» ይላል፤ ማኬይ በሕይወት ሳለ ካሳተማቸው መጻሕፍት መካከል የለም።

ክሉቲዬ ግኝቱን ለማወጅ አልቸኮለም። ከአማካሪው ከብሬንት ሄይስ ኤድዋርድስ ጋር ሆኖ የረቂቁን ቋንቋና ጭብጥ ከማኬይ ሌሎች ሥራዎች ጋር አመሳከረ፤ ደራሲው ከወዳጁ ከማክስ ኢስትማን ጋር የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች መረመረ፤ ደተን የተባለው አሳታሚ ድርጅት በ1941 ልብ ወለዱን ሳይቀበለው መቅረቱንም ደረሰበት። ግኝቱ በይፋ የተነገረው በ2012፣ መጽሐፉ በፔንግዊን የታተመው ደግሞ በ2017 ነው። ስምንት ዓመት የፈጀው ይህ ትዕግሥት፣ በእኔ ግምት፣ ከማናቸውም የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ የማያንስ ምሁራዊ ሥራ ነው።

ልብ ወለዱ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። ታሪኩ የሚፈጸመው ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን በኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ውስጥ ነው። ልጅ ተክላ አላማያ የተባለ ኢትዮጵያዊ መልእክተኛ እርዳታ ፍለጋ ይመጣል፤ የሰፈሩ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ኮሚኒስቶች ደግሞ ንቅናቄውን በእጃቸው ለማስገባት ይጥራሉ። ማኬይን ያስጨነቀው ጥቁሮች የራሳቸውን ትግል ራሳቸው የመምራታቸው ነገር ነበር። ዘመኑም ይህን የሚያስጽፍ ነበር፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተዋል። አፍሪካ አሜሪካዊው ጸሐፊ ጆርጅ ስካይለርም በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ላይ ስለ ኢትዮጵያ በብዕር ስም ተከታታይ ታሪኮችን ጽፏል፤ እነዚህም በሮበርት ሂል አዘጋጅነት በመጽሐፍ የወጡት በ1994 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያን ወገን ለማስነበብ የአማርኛ ደብዳቤዎችንና ጋዜጦችን የሚያነብ ተመራማሪ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከእኛ በላይ የሚቀርበው የለም። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ያልታተመ ረቂቅን መርምሮ፣ አመሳክሮና ከሐተታ ጋር ለኅትመት ማብቃትን ለዶክትሬት የሚበቃ ሙሉ ምርምር አድርገው ይቀበሉት፤ ለእድገትና ለሽልማትም ይቁጠሩት።