የ71 ዓመቱ ሸላይ እና የሆላንድ ጊታሮች

ሰባታሚት ሰርግ የታደመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዲጄው ስፒከሩን ሲያስጮህ ወጣቱ ይጨፍራል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ጨብጠው «ዘራፍ!» ሲሉ ግን ዳሱ በሙሉ ብድግ ይላል። ይህን የጦር ሜዳ ድምፅ ሳክስፎን ውስጥ ያስገቡት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

ጋሽ ጌታቸው በ1935 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ ተጫወቱ፤ በ1949 የማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 የፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። ሸለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው። ሸክላቸው በፊሊፕስ ታትሟል፤ እሳቸውም «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ይባላሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አፈነው። ቀጥሎ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ቦታ ያዘ፤ ንጉሡ ዙፋን እንጂ ሠራዊት አጡ።

በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጋበዛቸው። ጋሽ ጌታቸው የጊታሮቹን ጩኸት ሲሰሙ አልሸሹም፤ ይልቁንም አልበም አብረን እንሥራ አሉ። በ2006፣ በ71 ዓመታቸው፣ «ሞአ አንበሳ» ወጣ።

አልበሙን ስትሰሙት ነገሩ ይገባችኋል። ሸለላ ለስላሳ አጃቢ አይፈልግም፤ ፎካሪ ከኋላው የሚያቅራራለት ሰው ይሻል። የሚቧጭሩት ጊታሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ2012 ሁለተኛውን አብረው ሠሩ፤ በ2016 ጋሽ ጌታቸው አረፉ።

«ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ስለ ባለቤትነትና ስለ ክፍያ መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን መራጩ ሽማግሌው ነበሩ። እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፦ እሳቸው ባንድ ሲፈልጉ እኛ የት ነበርን? አብዛኞቻችን «ትዝታ» ብለን ካሴቱን አስቀምጠን ነበር። ሰውየው ግን ገና አዲስ ነገር ሊሠሩ ነበር።

ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፣ በየሰፈሩም ጊታር የሚነካካ ወጣት አለ። ዱላ ጨብጠው የሚሸልሉት አባቶችም ገና አሉ። እነዚህን ለማገናኘት ከአምስተርዳም ሰው መጠበቅ አለብን?