ድልብ ሰሌዳ

«ድልብ ሰሌዳ» የባሕር ሞገድ ጋላቢዎች ቆመው ከሚጋልቡባቸው ሰሌዳዎች አንዱ ነው፤ ቁመቱ አጠር፣ ወርዱ ሰፋ፣ ውፍረቱ ደልደል ያለ፣ መልኩም ወደ ድሮው የሚያዘነብል። በሌላው ዓለም «ከፍተኛ ቮልዩም ያለው አጭር ሰሌዳ» ይሉታል። ይህን እንዳለ ብናመጣው የኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣለት የሚጮህ ቴፕ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ «ይዘት» ይለዋል። ስህተት የለበትም፤ ግን ይዘት ሲባል እንስራም ጀልባም ይታሰባል፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሌላ ነገር የሚይዝ። ይህ ሰሌዳ በፋይበርግላስ የተለበጠ ድፍን ፎም ነው፤ የሚይዘው ነገር የለም። ቁመቱ ሳይጨምር ገላው የሞላ ሰንጋ «ድልብ» እንደሚባለው ሰሌዳውንም ድልብ ብንለው ያስኬዳል።

በጠዋት ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል የወረደ ሰው የሰሌዳውን ቅርጽ በዓይኑ ያገኘዋል። አስጋሪዎቹ የሳንቃ ጀልባቸውን ሐይቁ ዳር ሲያስጠጉ ከመረቡ የሚወጣው በብዛት ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ፣ አልፎ አልፎ ቢልጫ። አምባዛ ረጅም ነው፣ ጭንቅላቱም ጠፍጣፋ። ቆሮሶ አጭር ሆኖ ከጀርባው እስከ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ቢላዋ የያዘው ልጅ ከጉንጩ ጀምሮ አጥንቱን ተከትሎ ሲገፈው በእጁ የሚቀረው ሥጋ አጠር ደልደል ያለ ነው። ጭራው ግን መሃሉ አልተሰነጠቀም፤ የተሰነጠቀ ጭራ ያለው ቢልጫ ነው። (አጠገባቸው ቆመው ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ለዚህ ልዩነት ግድ የላቸውም።) የቆሮሶን ገላ ከቢልጫ ጭራ ጋር ቢገጥሙት ከድልብ ሰሌዳዎች ሁሉ ታዋቂ የሆነውን፣ ስሙም በቀጥታ «ዓሣ» የሆነውን ሰሌዳ ይሰጣል።

«ዓሣ»ን የሠራው ስቲቭ ሊስ የተባለ የሳንዲያጎ ወጣት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967። የሠራው ተንበርክኮ ለመጋለብ ነበር፤ ቆመው የሚጋልቡት ኋላ ወሰዱት። ሰፊ ጭራ ውኃው ላይ ሰሌዳውን ያነሣል፣ ለመታጠፍ ግን ያስቸግራል። ሊስ ጭራውን መሃል ለመሃል ቆርጦ ለሁለት ከፈለው፣ በእያንዳንዱ በኩልም አንድ አንድ ክንፍ ተከለ። ጋላቢው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የሚሠራው የዚያ ወገን ግማሽ ጭራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰፊው ሰሌዳ እንደ ጠባብ ይታጠፋል።

ከሊስ በፊት ደግሞ ቦብ ሲመንስ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የታተመውን፣ ውኃ ላይ እየተንሸራተቱ ስለሚሄዱ ፈጣን ጀልባዎች የተጻፈውን የሊንዚ ሎርድን መጽሐፍ አንብቦ ስሌቱን ወደ ሰሌዳ አመጣ። ውኃውን እየቀደደ የሚሄድ ነገር ይዘገያል፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ግን ቶሎ ውኃው ላይ ይወጣና ይንሸራተታል። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያው ሳንዲያጎ ሞገድ ሲጋልብ ሞተ። የእሱ ሰሌዳዎች ረጃጅም ነበሩ። እነሱን አሳጥሮ «ትንሹ ሲመንስ» የሚባለውን መሥራት የተጀመረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ «የድሮ መልክ» ሲባል ጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ቀለሙ ለገበያ ነው፣ ቅርጹ ግን የስሌት ውጤት ነው።

አሁን ወደ ሊትሩ። የሰሌዳ ድልብነት የሚለካው በሊትር ነው። አንድ ሊትር ጨዋማ ያልሆነ ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ 30 ሊትር የሆነና ራሱ 3 ኪሎ የሚመዝን ሰሌዳ እንደ ሐዋሳ ባለ ሐይቅ ላይ ሙሉ በሙሉ ከመስጠሙ በፊት 27 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ትንሽ ይጨምርለታል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ የለመደ ጋላቢ ከክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ ያህል ሊትር ይበቃዋል፤ ጀማሪ ክብደቱን ያህል ቢይዝ ይሻለዋል። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ከ25 እስከ 28 ሊትር ወይም ወደ 70 ሊትር፤ ድልብ ሰሌዳ የሚገኘው በመሃል ነው። 183 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ሰሌዳ 28 ሊትር አካባቢ ሲሆን፣ 168 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ «ዓሣ» 34 ሊትር ሊደርስ ይችላል።

ግን ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ሎስ አንጀለስ ያለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር የሚወርድ ሐበሻ ሰሌዳ ሲመርጥ ሊትሩ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ ይጠይቅ። ውፍረቱ ደረት በሚያርፍበት በኩል ከሆነ በእጅ ሲቀዝፉ ይቀላል፣ ሞገዱም ቶሎ ይያዛል። ጠርዙ ላይ ከሆነ ግን ጠርዙ ውኃ ውስጥ አልገባም ይላል፤ መታጠፍ ትግል ይሆናል። ድልብ ሰሌዳ ለደካማና ለዝግተኛ ሞገድ ነው። ሞገዱ ሲገዝፍና ገደል ሲሆን አይመከርም፤ ከሚመጣው ሞገድ ሥር አጥልቆ ለማለፍ ቢሞከር እንቢ ብሎ ይነሣል።

ሐዋሳ ላይስ? ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፣ የሚጋለብ ሞገድ ግን አይሆንም። የሚጋለበው ሞገድ ንፋስ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ እየገፋ ያሳደገው ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተንሳፋፊነቱ የሚዛመደን ሌላ ነገር አለ፣ የጣና ደንገል ታንኳ። የሳንቃ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው፣ ከተሞላ ይሰጥማል። ታንኳው ግን እንደ ሰሌዳው ራሱ ቁሱ ይንሳፈፋል። ውኃ ሲመጠው ይከብዳልና ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ልባጡ የተሰነጠቀ ሰሌዳም እንዲሁ።

በአነጋገር ሲገባ፦ «ዛሬ ሞገዱ ደካማ ነው፣ ድልቡን ያዝ»። «ከድልብ ወደ ቀጭን ለመውረድ ገና ነህ»። ሦስት ሜትር የሚደርሰው ረጅሙ ሰሌዳ ሊትሩ ከዚህ ሁሉ ቢበልጥም ድልብ አይባልም፤ እሱ ረጅም ነው።