ከአንድ ኔጋቲቭ ያልወጣ ምስል፦ ተደራራቢ ፎቶግራፍ፣ የተወሰነ ኅትመት እና የቫልተር ቤንያሚን ፍርድ

ጀርመናዊው ሐያሲ ቫልተር ቤንያሚን በ1935 ጽፎ በማግሥቱ ዓመት በፈረንሳይኛ ትርጉም ለኅትመት ባበቃው፣ የሥነ ጥበብ ሥራ በቴክኒክ በሚባዛበት ዘመን የሚገጥመውን ዕጣ በመረመረበት ድርሳኑ፣ ከአንድ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ የተፈለገውን ያህል ቅጂ ማተም ስለሚቻል ከቅጂዎቹ መካከል ዋናው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ትርጉም የለውም የሚል ፍርድ ሰጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ካልተመለከቱ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ፍርድ ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶግራፍ በተጻፉ ብዙ ሥራዎች ውስጥ ማስረጃ እንደማያስፈልገው እውነት ሲጠቀስ ኖሯል። የተወሰነ ኅትመት የሚባለውም ልማድ፣ ማለትም ፎቶግራፍ አንሺው ከአንድ ሥራ ይህን ያህል ቅጂ ብቻ አትሞ ሌላ ላለመጨመር ቃል በመግባት እያንዳንዱን ቅጂ በቁጥርና በፊርማው የሚያወጣበት አሠራር፣ በዚሁ ፍርድ የተነሣ ዋጋ ለማስወደድ ሆን ተብሎ የተፈጠረ እጥረት ተደርጎ ይታያል። ፍርዱ ለአብዛኛው ፎቶግራፍ ይሠራ ይሆናል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከብዙ ኔጋቲቮች ተደራርቦ ለሚታተም ፎቶግራፍ ግን ከመነሻው ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ቀላል አይደለም።

ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢዋ የፎቶግራፍ ታሪክ የተጻፉት ሥራዎች፣ በተለይ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ያሳተሙት ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎች ስብስብ፣ የኤስቴል ሶዬ የ2012 ጥናት ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንዲሁም የሃይኬ ቤህሬንድ የ2013 መጽሐፍ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ እያንዳንዳቸው ለተነሡበት ጉዳይ አስተማማኝ መነሻ ናቸው፤ እዚህ የሚቀርበው ክርክር ግን ከፎቶግራፍ አሠራር ይነሣል።

ኤክስፖዠር ብርሃን በሚነካው ፊልም ወይም ወረቀት ላይ ለተመጠነ ጊዜ ብርሃን ማሳረፍ ነው፤ አንዱ ገጽ ከመታጠቡ በፊት ደጋግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ተደራራቢ ምስል ይገኛል። መደራረቡ የሚፈጸመው በሁለት ቦታ ሲሆን፣ የክርክሩ ቁልፍም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ካሜራው ውስጥ የሚደረገው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙን ወደፊት ሳያዞር በዚያው ክፍል ላይ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያነሣል፤ ብርሃን በብርሃን ላይ ስለሚደመር ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ለእያንዳንዱ ግማሹን፣ አራት ጊዜ ሲያነሣ ሩቡን ብርሃን ይመጥናል፤ በመጀመሪያው ምስል ጨለማ ሆኖ የቀረው ስፍራም ሁለተኛው ምስል የሚገባበት ክፍት ቦታ ይሆናል። አሜሪካዊው ሃሪ ካላሃን ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሠራቸው ብዙ ተደራራቢ ፎቶግራፎች በዚህ መንገድ የተገኙ ናቸው። ፊልሙ ሲታጠብ የሚወጣው ግን አንድ ኔጋቲቭ ነው፤ ድርብርቡ በዚያው ላይ ታትሞ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ መቶም ሆነ ሺህ ቅጂ ማውጣት የአታሚው ፈቃድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የቤንያሚን ፍርድ ያለ ተቃውሞ ይጸናል።

ሁለተኛው መንገድ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነው። እዚህ ኔጋቲቮቹ ለየብቻ ይቆያሉ፤ የሚደራረቡት በኅትመቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በ1934 ዲትሮይት ተወልዶ በ2022 ያረፈው፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ጄሪ ዩልስማን፣ ኔጋቲቭ እያጎሉ የሚያትሙትን ማሽኖች ደርድሮ በየአንዳንዳቸው የተለያየ ኔጋቲቭ ያስቀምጥ ነበር። ወረቀቱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዛወር የማይፈለገው ክፍል በካርቶን ወይም በእጅ ይሸፈናል፤ የአንዱ ምስል ጠርዝ ወደ ሌላው እንዲሟሟ ሽፋኑ በሴኮንዶች ልክ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱ ታጥቦ ከመታየቱ በፊት የተሠራው ሥራ ሁሉ በጭፍን የተሠራ ነው፤ ቀጣዩን ቅጂ ለማውጣትም ሥራው እንደገና ከሀ መጀመር አለበት። በአንድ ድርና ማግ ሁለት ነጠላ የሚሠራ ሸማኔ ሁለተኛውን ነጠላ ከመጀመሪያው ገልብጦ እንደማያወጣው ሁሉ፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ሁለተኛ ቅጂም የመጀመሪያው ግልባጭ አይደለም።

ቤንያሚን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር ማለት አይቻልም። የስዊድን ተወላጁ ኦስካር ሬይላንደር የሕይወት ሁለት መንገዶችን የሚያሳየውን ሥራውን ከሠላሳ በሚበልጡ ኔጋቲቮች አጋጥሞ በ1857 በማንቸስተር ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ሲያሳይና ንግሥት ቪክቶሪያ አንዱን ቅጂ ስትገዛ፣ ድርሳኑ ሊጻፍ 78 ዓመት ይቀረው ነበር። ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በ1858 በአምስት ኔጋቲቮች የሠራው በሞት አፋፍ ያለች ልጃገረድ ምስልም በማንኛውም የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የቤንያሚን የራሱ የ1931 ጽሑፍ ነው። አጭር የፎቶግራፍ ታሪክ ባለው በዚያ ጽሑፉ፣ ዳጌሮታይፕ የተባለው ቀደምት ፎቶግራፍ በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ፣ በ1839 በአማካይ 25 የወርቅ ፍራንክ የሚሸጥና እንደ ጌጥ በማኅደር የሚቀመጥ እንደነበረ ራሱ ይተርካል። እንግዲህ ኔጋቲቭ የሌለውና ብዜት የማያውቅ ፎቶግራፍ መኖሩን ያውቃል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ይህ ዕውቀቱ ከክርክሩ ውስጥ የለም። የ1935 ፍርድ የቆመው ሥራው ሁሉ በኔጋቲቩ ላይ ተጠናቋል፣ ኅትመትም ተከታይ የእጅ ሥራ ብቻ ነው በሚል ባልተነገረ ግምት ላይ ነው። ግምቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም፤ በዘመኑ የሚያደንቀው የጆን ሃርትፊልድ ሞንታዥ ተቆራርጦ ከተጣበቀ በኋላ እንደገና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለሳምንታዊ መጽሔት በብዛት የሚታተም ነበር። ቤንያሚን የተጣመረ ምስል ሲያስብ ያሰበው ለብዜት የተወለደውን ብቻ ነው፤ ከአንዱ ዓይነት ተነሥቶም በሁሉም ላይ ፈረደ።

የዚህ ግምት ውጤት በፍርድ ቤት ጭምር ታይቷል። የዊልያም ኤግልስተን ፎቶግራፎች ከአንድ ኔጋቲቭ ወይም ስላይድ የሚታተሙ ናቸው። በ2012 ከቀድሞ ሥራዎቹ 36ቱ በዲጂታል ዘዴና በትልቅ መጠን እንደ አዲስ ታትመው በኒው ዮርክ በክሪስቲስ ጨረታ 5.9 ሚሊዮን ዶላር አወጡ፤ የቀድሞውን የተወሰነ ኅትመት የገዛ ሰብሳቢም ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ ዓመት አዲሱ ኅትመት በመጠንም በዘዴም የተለየ በመሆኑ ሌላ ኅትመት ነው ብሎ ክሱን ዘጋ። ቁጥሩ በቃል ኪዳን ላይ ብቻ ሲቆም ቃል ኪዳኑን አጥብቦ የሚተረጉም ሁሉ ሊያልፈው ይችላል። በጨለማ ክፍል ተደራርቦ የታተመ ፎቶግራፍ ቁጥር ግን ከውል በፊት የሥራው ጠባይ የወሰነው ነው፤ ሠሪው በሕይወት እያለም ትክክለኛ እኩያውን ሊደግመው አይችልም፤ ሲሞትም ኅትመቱ ይዘጋል።

ስለ ተጣመረ ምስል ሊጠቀስ ሲገባው የተዘነጋ ምንጭ አለ፤ እርሱም ስቲቨን ስፕራግ በ1978 አፍሪካን አርትስ በተባለው መጽሔት ያሳተመው፣ በናይጄሪያ የዮሩባ ከተማ በኢላ ኦራንጉን ያሉ ስቱዲዮዎችን ያጠናበት ጽሑፍ ነው። በዮሩባ ባህል መንትዮች የተለየ ክብር አላቸው፤ አንዱ ሲሞት ለእርሱ የሚቀረጸውን የእንጨት ምስል ይንከባከቡታል። ስፕራግ እንደመዘገበው፣ መንትዮቹ አብረው ሳይነሡ አንዱ ከሞተ ፎቶግራፍ አንሺው በሕይወት ያለውን ልጅ አንሥቶ ምስሉን ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ያትመዋል፤ ሟቹ ሌላ ጾታ ከሆነም ልጁ በወንድና በሴት ልብስ ለየብቻ ተነሥቶ ሁለቱ ይጣመራሉ። የሚወጣው ምስል ለቤተ ሰቡ የሟቹ መኖሪያ ነው። ቤንያሚን ፎቶግራፍ የአምልኮን ዋጋ ያስወግዳል፣ የመጨረሻ መሸሸጊያውም የራቁ ወይም የሞቱ ወዳጆች መልክ ብቻ ነው ሲል የጠቀሰውን ቅሪት እዚህ በ1970ዎቹ ስቱዲዮ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ ሲሠራ እናገኘዋለን። ቤህሬንድ ያጠናችው፣ በኬንያ ላሙ ደሴት የሰዎችን መልክ ከሌሎች ምስሎች ጋር እያጣመረ የሠራው የኦማር ሰዒድ ባኮር ስቱዲዮም ለዚሁ ቅርብ ምሳሌ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የተጣመረ ምስል ትዝታ መራራ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ የእስልምና አልባሳት ለብሰው የሚያሳይና ተቀነባብሮ የተሠራ መሆኑ የሚነገርለት ፎቶግራፍ ለፖለቲካው ዘመቻ አገልግሏል። ይህ ጉዳይ የቀረበውን ልዩነት ያጠነክራል፤ የሐሰት ምስል ኃይሉ በብዛት መዳረሱና መጣመሩን መደበቁ ነው፤ የዩልስማን ዓይነት ሥራ ግን መጣመሩን ለተመልካቹ በግልጽ ያሳያል፣ በብዛትም አይዳረስም። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ጥርጣሬ መመልከት ታሪኩንም ጥበቡንም መበደል ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የተጣመረውን ወረቀት መልሶ ፎቶግራፍ በማንሣት አዲስ ኔጋቲቭ ማግኘት ይቻላል የሚል ነው፤ የሥዕልም ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሥዕሉን ግን ኔጋቲቭ አያደርገውም። ሁለተኛው በኮምፒውተር ላይ የሚደራረበውን ይመለከታል። ኢድሪስ ካን በ2004 ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የቤኸር ባልና ሚስት ያነሧቸውን የቤት ፎቶግራፎች ደራርቦ የሠራው፣ ወይም አዲስ አበቤው ግርማ በርታ በእጅ ስልኩ ያነሣቸውን የመንገድ ሰዎች ከአካባቢያቸው ነጥሎ በደማቅ ቀለም ላይ ያሳረፈበትና በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ድጋፍ ያስገኘለት ሥራ፣ ተደራርቦ ካበቃ በኋላ አንድ ፋይል ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ከካላሃን ኔጋቲቭ ጋር ይመደባል፤ ይህም የሥራውን ውበት የሚነካ ፍርድ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የመጨረሻውን ቃል ተናግሯል አይባልም፤ ሆኖም ልዩነቱ የት እንዳለ ማመልከቱ በቂ ነው።

በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው የአይዳ ሙሉነህና የእኩዮቿ ሥራዎች በቁጥር ተወስነው በዓለም ገበያ በሚሸጡበት በአሁኑ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ቤተ መዘክሮች፣ ጋለሪዎችና የግል ሰብሳቢዎች በካታሎጎቻቸው ላይ የቅጂውን ቁጥር መጻፍ አይበቃቸውም። ምስሉ ተደራራቢ ከሆነ መደራረቡ የተፈጸመው በካሜራ፣ በጨለማ ክፍል ወይስ በኮምፒውተር መሆኑን፣ ኔጋቲቮቹ ስንት እንደሆኑና የት እንደሚገኙ አብሮ መመዝገብ ይገባል። ጥያቄው የዋና ከተማ ጋለሪዎች ብቻ አይደለም፤ ከድንበር ከተማዋ ከሞያሌ ሁለት ወገኖች እስከ ኬንያዋ ኡራን ባሉ ቤቶች የስቱዲዮ ፎቶግራፍ በአልበም ያስቀመጡ ቤተ ሰቦችም ወረቀቱን ስልክ ላይ ስለገለበጡ ብቻ እንዳይጥሉት፣ የሠራውን ሰው ስምና የሥራውን ዘዴ የሚያስታውሱ አረጋውያን ካሉም ዛሬ ጠይቀው እንዲያስጽፉ ያስፈልጋል።