ከወረቀት ወደ ኮምፓይለር፦ የኢተሬተር መስፈርቶች አጭር ታሪክ

የምሕንድስና መስፈርት በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ ሥራውን አይጠብቀውም፤ በጊዜው የሚመረምር ከሌለ የጥፋቱ ዕዳ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። ለዚህም ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ ምስክር ነው።

አሌክሳንደር ስቴፓኖቭና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን የቴምፕሌት ላይብረሪ የቋንቋው የስታንዳርድ ኮሚቴ በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። የላይብረሪው ምሰሶ ኢተሬተር ነው፤ ይኸውም በተከማቹ መረጃዎች መካከል ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተራመደ የሚያመለክት መሣሪያ ማለት ነው። ኢተሬተሮች እንደየችሎታቸው በአምስት መደቦች ተከፈሉ። አንዳንዱ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ኋላም ይመለሳል፤ የበላዩ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ፈለገው ስፍራ ይዘላል። መረጃን በቅደም ተከተል የሚያሰልፈው «ሶርት» የሚቀበለው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ነገር ግን እነዚህ መስፈርቶች በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የስታንዳርድ ሰነድ ውስጥ በሠንጠረዥ ሰፈሩ እንጂ ኮምፓይለሩ የሚያነብባቸው የቋንቋው አካል አልሆኑም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ የ«ሊስት»ን ኢተሬተር ለ«ሶርት» በስሕተት ቢሰጥ፣ ከደጃፉ የሚመልሰው አልነበረም። ኮምፓይለሩ ወደ ላይብረሪው ውስጥ ዘልቆ፣ አንዱን ኢተሬተር ከሌላው መቀነስ አልተቻለም ሲል ያመለክታል። ባለሙያውም በረጅም የስሕተት መግለጫ ውስጥ እየተንከራተተ ራሱ ያልጻፈውን ፕሮግራም ለመመርመር ይገደድ ነበር።

መፍትሔው መስፈርቱን ራሱን በቋንቋው መጻፍ ሆነ፤ ስሙም «ኮንሴፕት» ተባለ። ሆኖም በ2009 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ በረቂቁ ውስጥ ገብቶ የነበረውን ይህን ክፍል በድምፅ አስወጣው። የብዙ ዓመት ድካም መተው ከባድ ቢሆንም፣ ያልተፈተነ ድልድይ ለመንገደኛ ከመክፈት ይሻላል። ከዚያም አንድሩ ሰተን፣ ብያርነ ስትሮስትሩፕና ጋብርኤል ዶስ ሬይስ ቀለል ያለ ንድፍ አቀረቡ፤ ከዚህ የበቀለውም በ2020 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። በዚያው ስታንዳርድ የተጨመረው አዲሱ «ሶርት» የማይስማማውን ኢተሬተር ገና ከመነሻው፣ የጎደለውን መስፈርት በስሙ ጠቅሶ ይመልሰዋል።

ይሁን እንጂ ኮምፓይለሩ የሚመረምረው ቅርጽን እንጂ ትርጉምን አይደለም። መረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያሳልፍ ኢተሬተርና ደጋግሞ ለማንበብ የሚፈቅድ ኢተሬተር በቅርጽ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ሠሪው የሚሰጣቸው ምልክት ነው። ምልክቱ ሐሰት ቢሆን ኮምፓይለሩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሃያ ስድስት ዓመቱ ጉዞ ብዙውን ኀላፊነት ለመሣሪያው አስረክቧል፤ የሠሪው ታማኝነት ግን ዛሬም በሠሪው እጅ ነው።